«ከኋላ የሚሮጥ ሰው አለ?» ጋሽ መኩሪያ ቶላን ስናስብ

ለምታውቋቸው ሁሉ፣ ርቃችሁ ላልሰማችሁም ጭምር፦ የሠፈራችን የእድር ሊቀመንበር ጋሽ መኩሪያ ቶላ ከአጭር ሕመም በኋላ በቤታቸው፣ በልጆቻቸው መካከል አርፈዋል። ቀብራቸውም በእንጦጦ ማርያም ተፈጽሟል። የእድሩ ጥሩምባ በተነፋ ጊዜ ጎረቤቱ በሩን እየከፈተ የማን ቤት እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። እኔ አልጠየቅሁም። አጥራችን አንድ ነው፤ ሁልጊዜ ማለዳ ደጃቸውን ሲጠርጉ የምሰማው መጥረጊያ በዚያ ቀን አልተሰማም።

የእድሩ ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዓመት አብሬያቸው ስለሠራሁ ኮሚቴው ይህን እንድጽፍ ጠየቀኝ። የማውቀውን ብቻ እጽፋለሁ።

ጋሽ መኩሪያ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። እኔም በወጣትነቴ ከዊንጌት ወደ ሥራ የምሄደው በእሳቸው አውቶቡስ ነበር። በሩን ከመዝጋታቸው በፊት በመስታወቱ ወደ ኋላ ያዩና ቲኬት ቆራጩን «ከኋላ የሚሮጥ ሰው አለ?» ብለው ይጠይቁታል። አንድ ቀን ቲኬት ቆራጩ ሰለቸውና «ጋሼ፣ በጉለሌ የማይሮጥ ሰው የለም፤ ሁሉን ከጠበቅን እዚሁ ማደራችን ነው» አላቸው። ተሳፋሪው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና «እሱስ እውነትህን ነው፤ እስቲ ይቺን ሴትዮ ብቻ እንጠብቅ» አሉት።

ይህን ልማዳቸውን ወደ እድሩም አመጡት። ስብሰባ ከመዝጋታቸው በፊት ወደ ኋለኛው አግዳሚ እያዩ ያንኑ ይጠይቃሉ። ዝም ብለው የዋሉ አንዲት እናት ያን ጊዜ ይናገራሉ፤ ያለቀው ጉዳይ እንደገና ይጀመራል። ብዙዎቻችን ማጉረምረማችን አልቀረም።

ሐዘንተኛን የሚጠይቁትም በራሳቸው መንገድ ነበር። «ቤቱ ባዶ የሚሆነው ድንኳኑ ሲነሳ ነው» ይሉ ነበር። ባለቤቴ ባረፈ ጊዜ ድንኳኑ በተነሳ ማግሥት መጡ። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አይተው ከቤታቸው መፍቻ አመጡና አጠበቁት። ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ስለ ሐዘኔ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። በጣም ጠቅሞኛል።

አሁን ወደ ጋራው ጉዳይ ልግባ። የመጨረሻ ዓመታቸው ያለቀው በእሱ ነውና።

ከሠፈራችን በላይ ባለው ጋራ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ነው ተባለ። ባለሙያዎች መጥተው ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተከሉ። አንዱ ችካል ከላይኛው ሠፈር ጀርባ ነው። ግዙፉን ምሰሶ የሚጭነው መኪና የሚወጣበት መንገድም በቤቶቹ ላይ ያልፋል። የላይኛው ሠፈር ሰዎች ይነሳሉ፣ ከከተማው ማዶ ምትክ ቤት ይሰጣቸዋል ተባለ። ቤቱ ይሰጥ ይሆናል። እድር ግን እንደ ዕቃ ተጠቅልሎ አይጫንም። ጉልበት ያለው ሰው ያለው በላይኛው ሠፈር ነው፤ እነሱ ከሄዱ እኛ ከታች የቀረነው ሽማግሎች ሬሳችንን የሚሸከምልን እናጣለን።

ስብሰባ ተጠራ። አንዳንዱ ነፋሱም መብራቱም ይቅርብን አለ። ጋሽ መኩሪያ ግን «ነፋሱን የጠላ የለም። መብራት ሲጠፋ በጨለማ የምንቀመጠውም እኛው ነን። የምንጠይቀው ስለ ቦታው ነው» አሉ። ሌላው ተነስቶ ከጋራው ማዶ ይትከሉት አለ፤ ብዙ ሰውም አጨበጨበለት። እሳቸው አላጨበጨቡም። በሳምንቱ ከዘራቸውን ይዘው ጋራውን ተሻገሩ። ከማዶ ካሉት ገበሬዎች ጋር በአባታቸው ቋንቋ በኦሮምኛ ሲነጋገሩ ውለው፣ ጫማቸው አቧራ ለብሶ ተመለሱ። «እዚያም ጎጆ አለ፤ እዚያም ልጆች አሉ። ከደጃችን ነቅለን በሰው ደጅ አንተክልም» ብለው ነገሩን። በሁለቱ መካከል ግን ባሕር ዛፍ ብቻ ያለበት፣ ማንም የማይኖርበት፣ በሁለት ጉብታ መካከል ዝቅ ያለ ኮርቻ መሬት አግኝተው ነበር። የገበሬዎቹም ሽማግሎች ተስማምተውበታል። ችካሉ ወደዚያ እንዲዛወር፣ መኪናውም እንጨት በሚጫንበት የጫካ መንገድ እንዲወጣ እንለምን አሉ።

ማመልከቻዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጠንከር ያለ ቃል ካስገባሁ «ይሄ ይውጣ እህቴ፤ ሰውየው ይህን ካነበበ በኋላ ዓይናችንን ማየት አለበት» ይሉኝ ነበር። ከየቢሮው የመጣው መልስ ጉዳዩ እየታየ ነው የሚል ነበር። በመጨረሻ ወደ ምክር ቤት የመረጥናቸው ተወካያችን ዘንድ ለመሄድ ተስማማን። በምርጫው ሰሞን በየደጃችን መጥተው እጃችንን ጨብጠዋል። ጋሽ መኩሪያ ቢሯቸው በር ላይ ብዙ ጊዜ ተቀመጡ። ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላሉ፤ አመስግነው ይመለሳሉ። የፈለጉት ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ ተወካያችን ጋራው ላይ ወጥተው ከችካሉ አጠገብ እንዲቆሙ። «በወረቀቱ ላይ ጋራው ባዶ ነው። ከቤቶቹ የሚወጣውን ጢስ የሚያየው እዚያ የቆመ ሰው ነው» ይሉ ነበር።

በዚህ መካከል የላይኛው ሠፈሯ ወይዘሮ ብርቄ አረፉ። በአገራችን ከስብሰባ የሚቀር ሹም ከለቅሶ አይቀርም። ተወካያችን መጡ፤ ከድንኳኑ ገብተው ተቀመጡ። ንፍሮ ቀረበላቸው። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ቤቱ በችካሉ መንገድ ላይ ያለ ዳዊት የሚባል የሁለት ልጆች አባት ሊናገር ተነሳ። ጋሽ መኩሪያ ክንዱን ያዙት።

«ልጄ፣ ይህ ድንኳን የብርቄ ነው።»

«ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ የት እናገኛቸዋለን?»

«እሱን አላውቅም። ዛሬ ግን ሊያለቅሱ የመጡ እንግዳ ናቸው። በለቅሶ የመጣን ሰው አንይዝም።»

ዳዊት ተቀመጠ። ተወካያችንም እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብለው ሄዱ። ጋሽ መኩሪያ እስከ መኪናው ሸኟቸው፤ ስለ ጋራው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ በኋላ ሠፈሩ ተቀየማቸው። ዳዊትም በሰው ፊት «ጋሼ አውቶቡሱን ለሹሙ አቁመው እኛን እየሮጥን ጥለውን ሄዱ» አላቸው። ዳዊት ያን ሰሞን ሰላም እንኳ አይላቸውም ነበር። እሳቸው ግን ልጆቹን መንገድ ሲያሻግሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ሳል ከጀመራቸውም በኋላ ከዘራቸውን ይዘው ብቻቸውን ወደ ችካሉ ይወጡ ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ስጠይቃቸው አልጋ ላይ ነበሩ። «መልስ መጣ?» አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው። «ሲመጣ በአጥሩ በኩል ጥሪኝ» አሉ። እሺ አልኩ።

በለቅሷቸው ቀን ነፋሱ ብርቱ ነበር። የድንኳኑን ገመድ ይዘው ከቆሙት አንዱ ዳዊት ነበር። ከቀትር በኋላ ተወካያችን መጡ። ሰው ሁሉ ዳዊትን ያይ ነበር፤ አሁን የሚይዘው የለም። ዳዊት ገመዱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ገባ። ንፍሮውን በሰሐን ይዞ ለተወካያችን አቀረበና ወደ ቦታው ተመለሰ። እሱም ሆነ ከመካከላችን ሌላ ሰው ጉዳዩን አላነሳም።

ተወካያችን ሊወጡ ሲሉ የጋሽ መኩሪያን ፎቶግራፍ ቆመው አዩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ቀስ ብለው ጠየቁ።

«እኚህ ሰው ቢሮዬ በር ላይ ይቀመጡ ነበር። ጉዳያቸው ምን ነበር?»

የመለሰላቸው ዳዊት ነው። «ዛሬ ድንኳኑ የጋሼ ነው። ሌላ ቀን ከመጡ ቦታውን እናሳይዎታለን።»

መጡ። ከሠልስቱ በኋላ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ከነሹፌራቸው መጡ። መኪናው ከላይኛው ሠፈር አላለፈም፤ ዳዊት እየመራቸው በእግራቸው ወጡ። እኔም በዕድሜዬ አቅም ተከተልኩ። ተወካያችን ከችካሉ አጠገብ ቆመው ወደ ቤቶቹ ተመለከቱ። ሰዓቱ ምሳ የሚሠራበት ነበርና ከየጣሪያው ጢስ ይወጣ ነበር። ዳዊት ኮርቻ መሬቱን በጣቱ አሳያቸው፤ ከማዶ ያሉትንም ጎጆዎች ጨምሮ አሳያቸው። ጉዳዩን ለምክር ቤቱ አቀርባለሁ ብለው ወረዱ። ያቅርቡ፣ አያቅርቡ ገና አላወቅንም። ችካሉም እንደተተከለ ነው።

ጋሽ መኩሪያ፣ ማለዳ ስነሳ እስከ አሁን መጥረጊያዎን አዳምጣለሁ። ደጅዎን አሁን ዳዊት ይጠርገዋል፤ እሱ ግን ፈጣን ነው፣ ቶሎ ይጨርሳል። እንደ ልማድዎ ወደ ኋላ ካዩ እየሮጠ ደርሷልና አይስጉ። ከማዶ ያሉት ሽማግሎች ለቅሶ መጥተው ነበር፤ ሰላምታቸውን አድርሻለሁ። ተወካያችን ከችካሉ አጠገብ ቆመዋል። ጢሱን አይተዋል። መልሱ ግን ገና አልመጣም። በሰላም ይረፉ። ሲመጣ በአጥሩ በኩል እጠራዎታለሁ።