ቁስሌ ያተረፈልኝ የባለሥልጣን ዘመድ

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ኢሕአዴግ ገና ሥልጣን ላይ ሳለ። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ያስቀኛል፤ ያኔ ግን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነበርኩ። አሸተን ማርያምን ተሳልሜ ስወርድ ድንጋይ አንሸራቶኝ እግሬ ተሰበረ። ራቅ ያለ ከተማ ሆስፒታል ተወስጄ ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። አጥንቱ ቢጠገንም ቁስሉ አልዘጋ አለ፤ መርፌው ቢቀያየርም መግል መቋጠሩን አልተወም። በመጨረሻ መግሉ ላቦራቶሪ ተላከ።

"ቁስልሽ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የምንሰጥሽን መድኃኒት ሁሉ ተላምዶታል" አለኝ ሐኪሙ። "ወደ ሌሎቹ እንዳይጋባ ለብቻሽ ትተኛለሽ።"

እግሬ ሊቆረጥ ነው እያልኩ እየተጨነቅኩ ኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለች ባለ አንድ አልጋ ክፍል ተዛወርኩ።

የቀድሞ ክፍሌ ሰዎች ግን ያዩት ሌላ ነው። የራሴ ክፍል አለኝ። ነርሶቹ ወደ እኔ ሲመጡ ጓንትና ጋዎን ያጠልቃሉ፤ ሲገቡም ሲወጡም እጃቸውን ይታጠባሉ። በዚያ ዘመን ይህ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። የባለሥልጣን ዘመድ ናት ተባለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ የሺ መጡ። የጋሸና ሴት ናቸው፤ ቀድሞ አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። የሐሞት ጠጠር ስላስወጡ ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው ገቡና አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

"ልጄ፣ የዚያ ክፍል ጫጫታ አላስተኛኝም። ለሰውዬሽ አንድ ቃል በይልኝ፤ እኔንም ለብቻዬ ያስተኙኝ።"

"የምን ሰው እማማ? እኔ ያለኝ መድኃኒት የማይገድለው ጀርም ነው። ይነሱ፣ ይጋባብዎታል።"

"ሰው ያለው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው" አሉና ይበልጥ ተመቻቹ።

እግሬን እየዳበሱ ሲለምኑኝ ፋሻዬን ነኩት። ያው እጅ ወደ ሆዳቸው ተመለሰ። ክው አልኩ፤ ሲስተሯን ጮኬ ጠራኋት። ሮጣ መጥታ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና አጠበች፤ የቁስላቸውንም ፋሻ ቀየረች። የራሴ እግር ተረሳኝ። እኚህ ሴት በእኔ ጦስ ቢሞቱስ?

ሐኪሙ ተቆጣ። "የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ እርስዎም ይለዩ" ብሎ ከእኔ ቀጥሎ ባለችው ክፍል ለብቻቸው አስተኛቸው።

ብዙም ሳይቆይ ከግድግዳው ማዶ ድምፃቸው ተሰማኝ። "ልጄ፣ እንዲህ ቶሎ ይሆናል አላልኩም። እግዜር ይስጥልኝ።"

ውጤታቸው ንጹሕ ሆነ። ሲነግሩኝ አለቀስኩ። የእኔም ቁስል ከአዲስ አበባ በተገኘ ሌላ መርፌ ቀስ እያለ ዘጋ፤ ከነእግሬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እማማ የሺ ግን ፈጽሞ አላመኑኝም። ወረዳ ላይ ጉዳይ ያለው የጋሸና ሰው ሁሉ "እማማ ልከውኝ ነው" እያለ ሆቴሉ ድረስ ይመጣብኝ ነበር። እውነቱን ስነግረው በዓይኑ ይጠቅሰኛል።

አሁን ሳወራው ከሰሚው ጋር አብሬ እስቃለሁ፤ ያ እጅ ከፋሻዬ ወደ ሆዳቸው የሄደበት ቦታ ላይ ስደርስ ብቻ ሳቄ ቆም ይላል።

ኢሕአዴግ የፈረሰ ጊዜ እማማ የሺ በሰው እጅ አንድ ገንቦ ማር ላኩልኝ። "ሰውዬሽ ወርዶ ከሆነ አይዞሽ፤ ሹመት እንዲሁ ነው" ብለዋል። ማሩን አልመለስኩም።