እስኪያርፍ ጠብቄ

ታላቅ ወንድሜ በወባ ታሞ በአምስተኛው ቀን አረፈ። እናቴ ቤታችን ውስጥ ማንም ስለ እሱ «ሞተ» እንዲል አትፈቅድም። እኔም አረፈ እላለሁ። ለመድኩት ማለት ግን አይደለም።

ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ጓሮ ክፍል ውስጥ አምፕሊፋየር እየሠራ ነበር። የድሮውን ዓይነት፣ በቫልቭ የሚሠራውን። ቫልቭ እንደ አምፖል ውስጡ የሚግል ብርጭቆ ነው፤ ድምፁን የሚያጎላው እሱ ነው። ገረሴ ከተማ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር የተበላሸ ትልቅ የሳሎን ሬድዮ ሰጥተውት፣ ትራንስፎርመሩንና ሁለት አንድ ዓይነት ቫልቮች ከዚያ ፈታ። ለቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ጊታር ይሆናል ይል ነበር።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን፣ ሲቀላ ሰፈር ሬድዮ የሚጠግነው ጓደኛው ከድንኳኑ ውጭ ቆሞ ለአንድ ሰው ሲያወራ ሰማሁት።

«እስኪያርፍ ጠብቄ ነው ያወጣሁት» አለ።

ሲያዩኝ ወሬውን ቀየሩ። ወደ ጓሮ ክፍሉ ሄድኩ። የአምፕሊፋየሩ የብረት ሳጥን ተከፍቷል። ትራንስፎርመሩ የለም። ቫልቮቹም የሉም።

ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ይህ ሰው ቀን ይቆጥር ነበር ማለት ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም። በሳምንቱ ከጫኖ ማንጎ ይዞልን መጣ። እሷ መረቀችው። እኔ ማንጎውን አልነካሁም፤ የማየው ትከሻው ላይ ያንጠለጠለውን ቦርሳ ነበር።

ከወር በኋላ ሱቁ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የቫልቭ አምፕሊፋየር መሥራት አስተምረኝ።»

«ፊዚክስ ስንት አመጣህ?»

«ሃምሳ አንድ።»

«ወንድምህ እንኳ ካንተ ይሻል ነበር። ግባ።»

ለመማር ብቻ አልነበረም የሄድኩት። ዕቃው የተደበቀበትን ላገኝ ነበር። የመበየጃ ካውያ አያያዝ ሲያሳየኝ ዓይኔ ጠረጴዛው ሥር ነው። ስበይድ የጣቴን ጫፍ አቃጠልኩ። «ምን ጠፍቶህ ነው መሬት መሬት የምታየው?» ይለኛል። «ምንም» እላለሁ።

አንድ ቀን የራሱን አምፕሊፋየር ከፈተና ገመዱን ከሶኬት ነቀለ። ተነቅሏል ብዬ ጠመንጃ መፍቻውን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። በመዳፉ እጄን በኃይል መታኝ።

«አላረፈም እኮ!»

«ማን?» አልኩ።

«ካፓሲተሩ ነዋ! ተነቅሎም ኤሌክትሪኩን ይዞ ይቆያል። ሊገድልህ ይችላል፣ ማሙሽ። እስኪያርፍ ጠብቅ።»

በካፓሲተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ኤሌክትሪኩን ቀስ ብሎ የሚያፈስ ሬዚስተር ገጠመና መለኪያውን ቴስተር አስያዘኝ። ቁጥሩ ከሦስት መቶ ቮልት በላይ ነበር። ወረደ፣ ወረደ፣ ዜሮ አጠገብ ደረሰ።

«አሁን አረፈ» አለ።

ምን እንደተሰማኝ በትክክል መጻፍ አልችልም። ቴስተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ፣ «የወንድሜንስ እንዲህ ጠብቀህ ነው ያወጣኸው?» አልኩት።

ገባው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። ወንድሜ ትኩሳቱ የጣለው ማሽኑን እየሞከረ ሳለ ነው፤ ሆስፒታል ሲወሰድ ማሽኑ እንደተሰካ ቀረ። እናቴ ለእሱ ደወለችለት። መጥቶ ነቀለው፣ እስኪያርፍ ጠበቀ፣ ከዚያ ማንም መልሶ እንዳይሰካው ትራንስፎርመሩንና ቫልቮቹን አውጥቶ ሄደ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

መሳቢያውን ከፍቶ በአሮጌ ሸሚዝ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ትራንስፎርመሩ። አንድ ቫልቭ።

«ሁለት ነበሩ» አልኩ።

«አንዱ ባጃጅ ላይ ኪሴ ውስጥ ተሰበረ። በለቅሶ መሃል፣ የልጃችሁን ዕቃ ሰበርኩ ልበል? ከዚያ በኋላ ደግሞ ቀኑ ረዝሞ መናገሩ ከበደኝ።»

«የተሰበረውስ የት አለ?»

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ስብርባሪውንና የቫልቩን እግር አወጣ። ወደ በሩ ወስጄ በብርሃን አየሁት። እግሩ ላይ ያለው ቁጥር ከደህናው ጋር አንድ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«አንተ እኮ ፖሊስ መሆን ነበረብህ» አለ።

አልሳቅሁም። «በአንዱ ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ለመማሪያ ይበቃል። ድምፁ ያንሳል እንጂ።»

ሳጥኑን ሰኞ ይዤ እንደምመጣ ነገርኩት። ትራንስፎርመሩን ግን እሱ ጋ አልተውኩም። ከባድ ነበር፤ ታቅፌው ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።