ምድጃው ሲሟሽ

ትናንት ጎረቤቴ አዲስ የሸክላ ማንደጃ ገዝታ በረንዳዋ ላይ ስታሟሽ፣ የሞቀ እርጥብ ሸክላ ሽታ በመስኮቴ ገባ። የያዝኩትን ስልክ አስቀምጬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለሌላው ሰው ይህ ሽታ ምንም አይደለም፤ ለእኔ ግን ወንድሜን አምጥቶ ፊቴ ያቆመዋል።

ባደግኩበት የወደብ ከተማ፣ ዋራበሌ በሚባለው ሰፈር፣ አባቴ ከቤታችን ጀርባ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ነበረው። ከወደብ የሚለቀም የሞተር ስብርባሪና የተጨማደደ ዕቃ ገዝቶ ያቀልጣል፤ አሸዋ ላይ በተቀረጸ ቅርጽ አፍስሶ አዲስ ድስት ያወጣል፤ የመሃል ከተማው የቡላኦስ ገበያ ነጋዴዎች ይረከቡታል። ምድጃው ውስጡ እሳት በሚችል ጡብና በሸክላ ጭቃ የተለበጠ ትልቅ በርሜል ነበር። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በነፋስ እየተነፋበት ሲነድ በሰፈሩ ሁሉ ላይ ያጓራል። ባሏ ከእሷ ይልቅ እዚያ ስለሚውል እናቴ ምድጃውን "ጣውንቴ" ትለው ነበር።

ካምሲን የሚባለው ትኩስ የበረሃ ነፋስ በሚነፍስበት አንድ ሰሞን ልባጡ ተሰነጣጥቆ ረገፈና አባቴና ወንድሜ አፍርሰው እንደ አዲስ ገነቡት። ያን ሰሞን ወንድሜ ከኦቦክ ወደብ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ቆርጦ ነበር። አባቴ ለመነው፣ ተቆጣው፣ አልሆነለትም። በመጨረሻ አንድ ቃል ብቻ አስገባው፤ አዲሱ ምድጃ የመጀመሪያውን ድስት እስኪያወጣ ላይሄድ።

አዲስ ምድጃ ደግሞ መሟሸት አለበት። ጡቡና ጭቃው ውስጥ ውሃ ተደብቋል፤ ድንገት ትልቅ እሳት ከነካው እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ለቀናት በጥቂት ከሰል ብቻ ይሞቃል። መድረቁን የምናውቀው ቀዝቃዛ ቆርቆሮ በክዳኑ ቀዳዳ ላይ ለአፍታ ይዘን ነው። ቆርቆሮው ጤዛ ከያዘ ገና ነው፤ ደረቅ ከሆነ አብቅቷል።

አባቴ በየማለዳው ቆርቆሮውን ይይዛል፣ ጀርባውን ሰጥቶን ያየዋል፣ በሽርጡ ጫፍ ይጠርገዋል። "ገና ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይላል። ወንድሜ ጫቱን ይዞ ጥላ ስር ይቀመጣል። አንድ ጠዋት እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ጣውንቴ ዘንድሮ አልደርቅም አለች" አለችኝ። ሳቅን። ወዲያው ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ቆርቆሮው ላይ የሚጠረግ ነገር እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አባቴ ልጁን የያዘው በዚያ በጥቂት ከሰል ነበር።

አንድ ጁምዓ አባቴ ለሶላት እንደወጣ፣ ወንድሜ ተነስቶ ቆርቆሮውን አመጣና ቀዳዳው ላይ ያዘ። እኔ በሩ ላይ ሩዝ እየለቀምኩ ነበር። ደረቅ እንደነበር ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። አገላብጦ አየው፤ ቀና ብሎ እኔንም አየኝ። አሁን ይቆጣል፣ ሻንጣውን ያነሳል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ቆርቆሮውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ከሰል ጨመረ፤ አባቴ በሚጨምረው ልክ፣ ትንሽ ብቻ።

አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ ቆርቆሮው ከቦታው መነሳቱን አየ።

"አየኸው እንዴ?" አለው።

"አየሁት አባ። ገና እርጥብ ነው። ጥቂት ቀን ይቆይ።"

አባቴ ለቀናት የዋሸውን ውሸት ልጁ ተቀብሎ ለእሱው ሲዋሽለት ሰማ። ኮፊያውን አወለቀ፣ በእጁ አገላበጠው፣ መልሶ አደረገው።

"አይ፣ ደርቋል ልጄ። ነገ እናቀልጣለን።"

"ግዴለም አባ፣ እኔ እኮ አልቸ..."

"ደርቋል አልኩህ!" አለ። ድምፁ ቁጣ ይምሰል እንጂ ቁጣ አልነበረም።

በማግስቱ ምድጃው አጓራ። የቀለጠው አሉሚኒየም እንደ ትኩስ ወተት እየነጣ ወረደና የመጀመሪያው ድስት ያለ እንከን ወጣ። ሰው ሁሉ ድስቱን ሲያይ እኔ አንድ ስንጥቅ እንኳ ባገኝ ብዬ ምድጃውን ዞርኩት። አልነበረም።

ወንድሜ የተሳፈረባት ጀልባ የመን ደረሰች የሚል ወሬ እስከ ዛሬ አልመጣም። እናቴ መጠየቅ ካቆመች ቆይታለች፤ እኔ አላቆምኩም።

የሄደ ለት አባቴ ሻንጣውን ተሸክሞ እስከ ሚኒባሱ ሸኘው። ተቃቀፉ፤ የተባባሉትን አልሰማሁም። በሩ ሲዘጋ አባቴ ወደ ሹፌሩ መስኮት ዞረና በሶማልኛ "ልጄ፣ ቀስ ብለህ ንዳ" አለው። ሹፌሩ ሳቀበት። "አባባ፣ እኔ እኮ ከቡላኦስ አላልፍም።"

"አውቃለሁ" አለ አባቴ፣ እጁን ከመስኮቱ ሳያነሳ። "ቢሆንም ቀስ ብለህ።"