ደረጃው ላይ የጎደለው ፊልም

ሆሳዕና የተመደብኩት ከኮሌጅ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ነው። የማስተምረው ኬሚስትሪ ነበር። የተከራየኋት ክፍል ከአንድ ራዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ጀርባ ስለሆነች፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማገኘው ሰው እኚህ ጠጋኝ ነበሩ። ከሆሳዕና ብዙ የማትርቀው የአዲሎ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አንድ ሲኒማ ቤት ውስጥ የፊልም ማሽን ያንቀሳቅሱ ነበር። በዚያ ዘመን ስላዩት አንድ አስፈሪ ፊልም ያልነገሩት ደንበኛ አልነበረም።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። አንዲት ሴት ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ከላይኛው ፎቅ የእግር ኮቴ ትሰማለች። ለሰው ብትናገር ማንም አያምናትም። አንድ ቀን ደረጃውን ወጥታ በሩን ስትከፍት፣ የገዛ የሠርግ ልብሷ፣ ውስጡ ሰው ሳይኖር፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ ወደ እሷ ይራመዳል። ጠጋኙ እዚህ ላይ ሲደርሱ ካቻቪቴያቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ልብሱ እንዴት እንደተራመደ በሁለት እጃቸው ያሳዩ ነበር።

ከተማው ግን አላመናቸውም። ያንን ፊልም ያየ ሌላ ሰው አልተገኘም። ርዕሱንም ረስተውታል። "ባለ ልብሱ" የሚል ስም ወጣላቸው፤ ስሙም ከቀልድ አልፎ ሥራቸው ውስጥ ገባ። ራዲዮ ከፍተው ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል ሲሉ ደንበኛው ማን አቃጠለው፣ ልብሱ ነው ወይ ይላል። በዕድር ስብሰባ ስለ አንድ ጉዳይ ያዩትን ሲመሰክሩ ሰው እየሳቀ ሌላ ምስክር ይጠራል። ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጋ፣ ጠንቃቃ ሰው፣ በአንድ ፊልም ምክንያት ቃሉ ዋጋ አጣ። እኔ አምናቸው ነበር። ይልቁንም እንዲታመኑ እፈልግ ነበር ብል ይሻላል፤ እውነቱ ይህ ነው።

መርከብ ላይ የሚሠራ አንድ የእህታቸው ልጅ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ፣ ታሪኩን ብቻ ይዞ በየወደቡ ከስንት ፍለጋ በኋላ የፊልሙን ቪዲዮ ካሴት ላከላቸው። ካሴቱ በጭነት መኪና ከአሰብ ሲመጣ መንገድ ላይ ዝናብ መትቶታል። እጃችን ሲገባ የፕላስቲክ ቤቱ ተሰንጥቋል፤ ቴፑም ዱቄት የነሰነሱበት ይመስል ሻጋታ ለብሷል። ጠጋኙ ለረጅም ጊዜ አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ "አስተማሪው፣ ይኼ ቢሞት እኔም አብሬ ሞትኩ ማለት ነው" አሉኝ።

ጥገናው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ቪዲዮ ካሴት ከጀርባው አምስት ብሎን አለው። ብሎኖቹ ሲፈቱ ሁለት የቴፕ ጥቅሎች ይገኛሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ቴፑን በእጅ እያዞሩ፣ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ሳይጫኑ መጥረግ ነው። የተበጠሰ ካለ ሁለቱን ጫፍ ትክክል ቆርጦ በስኮች ማያያዝ ይቻላል፤ ስኮቹ የሚለጠፈው ግን ሥዕሉ በተቀዳበት ፊት ሳይሆን በጀርባው ነው። ሲጸዳ በሌላ አሮጌ ካሴት የፕላስቲክ ቤት ውስጥ እንከተዋለን። ይህን ሁሉ በደብተር ጽፌ፣ በቁጥር ከፋፍዬ፣ የሠራነውን በቀይ አሰምርበት ነበር። ጠጋኙ አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው አስጠንቅቀውኛል፦ ከደረቅ ጨርቅ በስተቀር ምንም እንዳይነካው።

አንድ ቅዳሜ ለቅሶ ሊደርሱ አዲሎ ሄዱ። እኔ ብቻዬን እየጠረግሁ አንድ ቦታ ሻጋታው አልለቅ አለኝ። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ከቤተ ሙከራ አሴቶን አመጣሁ፤ ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት ማለት ነው። ጥጥ ነክሬ ጠረግ አደረግሁት። ሻጋታው ለቀቀ። አብሮት ቡናማው ቀለምም ለቀቀና ቴፑ እንደ መስኮት ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ሆነ። ሥዕሉ ያለው እዚያ ቡናማ ቀለም ውስጥ መሆኑን ለተማሪ ማስረዳት እችል ነበር፤ እጄ ግን ከእውቀቴ ቀደመ። የተበላሸው አንድ ክንድ ያህል ነው። ቆርጬ ጣልኩት፤ ጫፎቹን አሳምሬ ቀጠልኩ። ጠጋኙ ሲመለሱ ደብተሩ ላይ "ተጠናቀቀ" የሚል አነበቡና ጨበጡኝ። አልነገርኳቸውም።

የቪዲዮ ማጫወቻ ዴክና ቴሌቪዥን ያለው ከገበያው ፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ ጉራጌ ነበር። ሰውየው ተጫዋች ነው፤ "ባለ ልብሱ" የሚለውንም ስም ያወጣው እሱ እንደሆነ ይነገራል። እሑድ ከሰዓት፣ የቀበሌው ስብሰባ ሲያበቃ፣ በጓዳው ፊልም ያሳያል። ቀበሌው የፊልሙን ይዘት በጽሑፍ ስለሚጠይቅ፣ "ብቻዋን በትልቅ ቤት የምትኖር አንዲት ቡርዧ ሴት የሚደርስባት ጭንቀት" ብዬ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ወዲያው ተፈቀደ። እንግሊዝኛውን እየተከታተልኩ በአማርኛ የማስረዳውም እኔ ነበርኩ። የኛ የቪዲዮ ቤት ያለ አስረጂ አይሆንም፤ ሰው ከሥዕሉ እኩል አስረጂውን ያዳምጣል።

የዚያን ዕለት ጓዳው ሞላ። መምህራን፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች መጡ። ጠጋኙ ኮት ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ፊልሙ ሲጀምር ትልቁ ቤት፣ ሴትዮዋ፣ ኮቴው፣ ሁሉም እሳቸው እንዳሉት ነበር። ሰው እርስ በርስ ተያየ። ነጋዴው እንኳ አንድ ጊዜ ዞሮ በአክብሮት አያቸው። ሴትዮዋ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ሦስት ደረጃ ወጣች፣ አራተኛው ላይ ሥዕሉ ዘለለ። ቀጥሎ ያየናት ከደረጃው ሥር ተቀምጣ፣ ጸጉሯ ተበትኖ፣ ስትንቀጠቀጥ ነው።

የቆረጥኩት እሱን ነበር።

ከዚያ ነጋዴው፣ "ጋሼ፣ ልብሱ የታለ? ላውንደሪ ሄዶ ነው?" አለ። ጓዳው በሳቅ ፈረሰ። ጠጋኙ አልዞሩም። ከኋላ ሆኜ የማየው ማጅራታቸውን ብቻ ነው። ኮታቸው ውስጥ እያነሱ ሲሄዱ ይታየኛል።

ተነስቼ ዴኩን አቆምኩት። እንደ ክፍል ውስጥ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ድምፄ ግን የተማሪ ነበር። ካሴቱን ያጸዳሁት እኔ መሆኔን፣ እንዳላስነካው የተከለከልኩትን መድኃኒት ማስነካቴን፣ አንድ ክንድ ቴፕ አበላሽቼ መጣሌን፣ ከጋሼም መደበቄን ተናገርኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚያ ምን እንደነበረ ከዚህ ቤት የሚያውቅ እሳቸው ብቻ ናቸው" አልኩና ወደ እሳቸው ዞርኩ።

ጠጋኙ ቀስ ብለው ተነሱ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። ከቆመው ሥዕል ጎን ሄደው ከአራተኛው ደረጃ ጀመሩ። እጀታው እንዴት እንደቀዘቀዘባት፣ በሩ እንዴት እንደተከፈተ፣ ልብሱ መጀመሪያ እጅጌውን፣ ከዚያ ወገቡን እንዴት እንዳንቀሳቀሰ ነገሩን። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። አንዷ የጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣለች። ሲጨርሱ ነጋዴው ራሱ ዴኩን አስነሳ። ሴትዮዋ ከደረጃው ሥር ስትንቀጠቀጥ አሁን የሳቀ የለም። ጠጋኙ በበሩ ሲወጡ ነጋዴው እጃቸውን ይዞ "ይቅርታ ጋሼ" ሲላቸው ሰማሁ።

ወደ ቤት አብረን ስንሄድ እኔ በራሴ ስሌት ተጠምጄ ነበር። አንድ ክንድ ቴፕ ሃያ ሰከንድ ያህል ነው የሚሄደው። በሃያ ሰከንድ ቀሪውን ደረጃ ወጥታ፣ በር ከፍታ፣ ልብሱ ተራምዶ፣ እሷ ሸሽታ መውረድ አለባት፤ አይበቃም። ይህን አልተናገርኩም። መካስ ስለፈለግሁ ግን፣ "ጋሼ፣ ለእህትዎ ልጅ እንጻፍለት፤ ሌላ ቅጂ ይፈልግልን። ያቺን ቦታ ብቻ ከዚያ ቆርጬ በደንብ እቀጥላታለሁ" አልኳቸው።

እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ብዙ መንገድ ሄዱ።

"ተወው" አሉ በመጨረሻ። "ይኼኛው ይበቃናል።"

ለምን ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን አየሁና ዘጋሁት።