ቀትር ላይ የሚያልቀው ገንፎ

ኮከብ እህል መብላት ያቆመችው በእናቷ ምክንያት ነው። እናቷ ወይዘሮ ተሻለች ዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት ስትሸጥ ኖራ በስኳር በሽታ ሞተች። መጀመሪያ የእግሯን ጣት ቆረጡት፣ ቀጥሎ እግሯን፣ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ኮከብ ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ አዳማ መጣች። ከወንጂ ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየችና በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋን ተክላ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች። ዝምተኛ ናት። ደንበኛ ሲጮህባት እንኳን ቀና አትልም፣ መርፌውን እያየች ነው የምትመልሰው። ጋዲሳን ያገባችው እዚሁ ነው። ጋዲሳ የአይሱዙ ሹፌር ነው፣ ከመቂና ከባቱ ቲማቲም እየጫነ አዳማ ያራግፋል።

ስታረግዝ በሰባተኛው ወር ጤና ጣቢያ ደሟን ለኩና ስኳርሽ ከፍ ብሏል አሏት። ሲስተሯ "ጣፋጭና ዳቦ ቀንሺ፣ አትጨነቂ፣ ስትወልጂ አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል" ነበር ያለቻት። ኮከብ ግን "ስኳር" ከምትለዋ ቃል በኋላ ያለውን አልሰማችም። የእናቷ እግር ነው የታያት።

በዚያው ሳምንት ቴሌግራም ላይ አንድ ሰውዬ አገኘች። ፊቱ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ለስለስ ያለ ድምፅ። "የጥንት አባቶቻችን እህል አያውቁም ነበር" ይላል። "ሥር ቆፍረው፣ ሥጋና አሳ በልተው፣ ማር ቆርጠው ነው የኖሩት። ስኳርም አያውቃቸው።" ኮከብ እየሰፋች ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትሰማዋለች። ጤፉንም፣ ስንዴውንም፣ ገብሱንም፣ በቆሎውንም አንድ ላይ ተወች። ስኳሯ ወረደ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳት!

ሴት ልጅ ወለደች። አማቷ እማማ ወርቄ ሊያርሷት ከሁሩታ መጡ፣ ግማሽ ኩንታል ገብስና አንድ ቅል ቅቤ ይዘው። ለልጅቷም ቦንቱ የሚል ስም አወጡላት።

"ከራሴ ማሳ ነው ያመጣሁልሽ፣ ኢንተላ ኮ" አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "በእጄ ለቅሜ፣ በእጄ አምሼ።"

"እማዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ እህል አልበላም።"

"እህል የማትበላ አራስ? ምን ልትሆኚ ነው፣ መልአክ?"

"ልጅቷ ጡት እስክትተው ብቻ ነው።"

ጎረቤቷ የሺዓለም ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። የሺዓለም ቀልድ ካላወራች የምትታመም ሴት ናት።

"እና ምን ልትበይ ነው አንቺ? ሳር?"

"የጥንት ሰዎች የሚበሉትን።"

"የትኞቹ የጥንት ሰዎች? ሁሉም ሞተው የለም እንዴ!"

ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ኮከብም ሳቀች። እማማ ወርቄ ብቻ አልሳቁም፣ የገብሱን ጆንያ አፍ መልሰው አሰሩት።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደህና ነበር። ጋዲሳ ከባቱ በመጣ ቁጥር ፌስታል ሙሉ አሳ ያመጣል፣ ቆጮና ሥጋም ይገዛል። ኮከብ ትጠግባለች፣ ጡቷም ይሞላል። ከዚያ የጋዲሳ አሠሪ መስመሩን ወደ ሞያሌ ቀየረበት። ሳምንት አልፎ ሌላ ሳምንት ሲመጣም ጋዲሳ የለም፣ አሳውም የለም። ኮከብ አማቷን "ሥጋ ይግዙልኝ" ማለት አፈረች። ገብሳቸውን እምቢ ብላ በምን አፏ ሥጋ ትጠይቅ? የተገኘውን እንቁላልና ስኳር ድንች እየቀማመሰች ዋለች። የስልኩ ሰውዬ ደግሞ "ረሃብ ሲሰማችሁ አትፍሩ" ይላታል፣ "ሰውነታችሁ ወደ ጥንቱ እየተመለሰ ነው።"

ቦንቱ በአምስተኛ ሳምንቷ ጤና ጣቢያ ተመዘነች። ሲስተር ዘመናይ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው።

"ስትወለድ ሦስት ኪሎ ከመቶ ግራም። ዛሬ ሦስት ከሁለት መቶ። ኮከብ፣ ይሄ በጣም ትንሽ ነው። ምንድነው የምትበዪው?"

"እንቁላል… ስኳር ድንች…"

"እንቁላል ስንት?"

"ሁለት።"

"ለቁርስ?"

"ለቀን።"

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ስሚኝ፣ እህሉን ካልፈለግሽ ተዪው፣ በሱ አልጣላሽም። የምትበዪውን ግን እጥፍ አድርጊው። በየጊዜው አጥቢያት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልጨመረች ሆስፒታል ተኝታ ትታያለች፣ የጣሳ ወተትም እናስጀምራታለን።"

ኮከብ ልጇን አቅፋ በባጃጅ ስትመለስ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰበችው። ልጄ እየከሳች ነው፣ የማከሳትም እኔ ነኝ። እህል ብበላ ደግሞ እንደ እናቴ እሆንና ልጄ ያለ እናት ትቀራለች። በየትኛው በኩል ትውጣ?

እማማ ወርቄ ይህን ሰሙ። በነጋታው ገብሱን አስፈጭተው ገንፎ አገነፉ፣ መሃሉን አጎድጉደው ቅቤና በርበሬ ሞሉት፣ ከአልጋዋ አጠገብ ዱካ ላይ አስቀምጠው በሰፌድ ከደኑት።

"አልበላም እኮ እማዬ።"

"አትብዪ። እኔ ምን አልኩሽ? ግን በኛ ቤት ለአራስ የቀረበ ምግብ ሳያልቅ ወደ ጓዳ አይመለስም። እዚሁ ይቀመጥ።"

የግቢው ውሃ የሚመጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፣ ልክ ቀትር ላይ። አራስ ደግሞ ቀትር ላይ ብቻዋን አትተውም፣ ይህን እማማ ወርቄ አጥብቀው ያምናሉ። ግን ጄሪካኑን ማን ይሙላላቸው? ስለዚህ ከትራሷ ስር ቢላዋ አደረጉላት። "በሩን ከውስጥ ቀርቅሪ፣ የኔን ድምፅ ካልሰማሽ ለማንም እንዳትከፍቺ" ብለዋት ወረፋ ሊይዙ ሄዱ።

የአዳማን ቀትር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው ከመንገድ ይጠፋል፣ ባጃጆቹ ጥላ ስር ይቆማሉ፣ ነፋሱ ብቻውን አቧራውን እያዞረ ይሄዳል። ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይንኳኳል። ኮከብ በሩን ቀረቀረች፣ ቦንቱን ጎኗ አስተኛችና ዓይኗ ተከደነ።

ስትነቃ ሰፌዱ መሬት ላይ ነበር። ሳህኑ ባዶ ነው፣ ቅቤው ሳይቀር ተጠርጓል። በሩ እንደተቀረቀረ ነው። ቀሚሷ ከደረቷ እስከ ሆዷ በወተት ርሷል። ቦንቱ አፏ ጥግ ላይ ወተት እንደያዘች ጥግብ ብላ ተኝታለች።

አልጋው ስር አየች። ከመጋረጃው ጀርባ አየች። ማንም የለም።

እማማ ወርቄ ገብተው ሳህኑን ሲያዩ ፊታቸው በራ። "ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ!" ኮከብ "እኔ አይደለሁም" ልትል አፏን ከፍታ፣ "ታዲያ ማነው?" ቢሏት የምትለው ስላልነበራት መልሳ ዘጋችው።

በማግስቱም ገንፎው አለቀ። በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን የሺዓለምን ለመነቻት፣ በመስኮቱ በኩል ቁጭ ብላ ማን እንደሚገባ እንድታይላት።

"ሌባ ከሆነ ለኔም ያስቀር ብዬ እነግረዋለሁ" ብላ ሳቀች የሺዓለም።

ኮከብ ስትነቃ ሳህኑ ባዶ ነበር። ወጣች። የሺዓለም በረንዳው ላይ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ተቀምጣለች። አትስቅም።

"ማን ገባ?"

"ማንም አልገባም።"

"ታዲያ ገንፎው?"

"አንቺ ነሻ የበላሽው።"

"ተኝቼ ነበር እኮ!"

"ዓይንሽ ክፍት ነበር፣ ኮከቤ። ጠራሁሽ። ዞር ብለሽ አየሽኝ፣ ግን… አላወቅሽኝም። ልጅቷን በግራ እጅሽ ጡትሽ ላይ አድርገሽ፣ በቀኝሽ ቀስ እያልሽ ነው የምትበዪው፣ ጥርስ እንደሌላት አሮጊት። ደግሞ ታወሪ ነበር።"

"ምን እያልኩ?"

"'ለሷ ነው፣ ለኔ አይደለም። ለሷ ነው' እያልሽ። ድምፁ ግን ያንቺ አይደለም። እኔ ያንቺን ድምፅ አጣዋለሁ?"

ኮከብ እጇን አየች። ጥፍሮቿ ስር ቀይ ቅቤ አለ።

የዚያን ቀን ከሰዓት የስፌት መኪናዋ ጋ ተቀምጣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካች። ለስላሳው ድምፅ "ወደ ጥንቱ እየተመለሳችሁ ነው" አለ። ነቅላ ጣለችው። ማነች ስድስት ሰዓት ላይ የምትመጣው? እናቷ ናት እንዳትል፣ እናቷ ስትሞት ጥርሷ ሙሉ ነበር። ከሷ በፊት የነበረች ናት? ከዚያስ በፊት? ለማን ይነገራል እንዲህ ያለ ነገር!

ገንፎውን አያቅርቡልኝ ማለት ትችል ነበር። ግን የቦንቱ ጉንጭ መሙላት ጀምሯል። ስትጠባ የምትውጠው ይሰማል። ያቺን ብታባርራት ወተቱም አብሮ ቢሄድስ? ስለዚህ ኮከብ በየቀኑ ቀትር ሲደርስ በሩን ትቀረቅራለች፣ ልጇን ታቅፋለች፣ ዓይኗን ጨፍና ለእንግዳ ቦታ እንደሚለቅ ሰው ወደ ግድግዳው ጠጋ ትላለች። እየፈራች ነው። ቢሆንም ትጠጋለች።

ሁለቱ ሳምንት አለቀ። ቦንቱ ሚዛኑ ላይ ተጋደመች።

"ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ!" አለች ሲስተር ዘመናይ። የኮከብንም ጣት ወግታ ለካች። "ስኳርሽም ደህና ነው። በዘርሽ ስላለ በየጊዜው እየመጣሽ ተለኪ እንጂ ዛሬ የሚያስፈራ የለም። ምን መብላት ጀመርሽ?"

"ገንፎ ነው አሉ።"

"አሉ? የበላሽውን ሰው ነው እንዴ የሚነግርሽ!" ብላ ሲስተሯ ከት ብላ ሳቀች።

ኮከብ አልሳቀችም። እቤት ስትገባ እማማ ወርቄ ገንፎውን እየከደኑ ነበር። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። ልጇን እንዳቀፈች ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፣ የእናቷን እግርም፣ ሥጋ መጠየቅ ማፈሯንም፣ የሺዓለም ያየችውንም።

እማማ ወርቄ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ሰፌዱን አነሱት። እንፋሎቱ ወጣ።

"ሥጋ መጠየቅ ምን ያሳፍራል? ቅዳሜ ይገዛል። አሁን ግን ተቀመጪና ነቅተሽ ብዪ።"

"ውሃውስ?"

"ውሃው ይቅር። ተኝተሽ የምትበላዋን እኔ አላውቃትም፣ ኢንተላ ኮ። ክፉ አላደረገችንም፣ እግዜር ይስጣት። ግን የልጄን ልጅ እያቀፈች ነው። አንቺን ነው የማውቀው። አንቺ ብዪ።"

ኮከብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ውጪ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል። ቦንቱ ጡቷን አግኝታ መጥባት ጀመረች። ኮከብ ቀኝ እጇን ዘርግታ ከጠርዙ ቆረሰች፣ ቅቤው ውስጥ ነከረችና ጎረሰች። ትኩስ ነበር፣ ምላሷን አቃጠላት። ደግማ ቆረሰች።

እማማ ወርቄ ፊት ለፊቷ ዱካ ስበው ቁጭ ብለዋል። የሚያዩት ዓይኗን ነው።

"ኮከብ?"

"አቤት።"

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

እማማ ወርቄ ጎንበስ አሉ። ዓይኗን ትክ ብለው አዩ፣ ሦስተኛውን እስክትጎርስ ድረስ።

"እሺ" አሉ በመጨረሻ። "ብዪ።"