ሐጅ ጂብሪልን ለአደን ያለበሰችው ሉጥፊያ

ካርቱም አይበርድም የሚል ሰው ጥር ላይ በረሃ ወጥቶ አያውቅም። ከተማው ውስጥ አንድ ሹራብ ይበቃሃል። ከከተማው ዳር ካለው ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር አልፈህ ወደ ቡጣና ሜዳ ስትወጣ ግን ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ዝናብ የለው፣ ደመና የለው፣ ፀሐይዋን እያየህ ትንቀጠቀጣለህ።

ይህን ከሁላችንም በላይ የምታውቀው ሉጥፊያ ናት። የወረኢሉ ልጅ ናት፤ እዚያው ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር፣ ሐጅ ጂብሪል ቤት አስራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ወረኢሉ ላይ ብርድ ማለት የቤተሰብ አባል ነው፤ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይተኛል። እናቷ የበግ ጠጉር እየፈተሉ ባና የሚያሠሩ ሴት ነበሩ። ስለዚህ ሉጥፊያ ፊደል ባትቆጥርም ጨርቅ ታነባለች። በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ "ይሄ ላብ ይይዛል፣ ይሄ ነፋስ ያሳልፋል" ትልሃለች። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ ይህን አልችልም።

እኔ ገብረየስ እባላለሁ፣ ራክሻ ነው የምነዳው፤ እናንተ ባጃጅ የምትሉትን። ሉጥፊያ ገበያ የምትሄደው በእኔ ነው። ነገሩ ውስጥ የገባሁት በዚህ ነው እንጂ ፈልጌ አይደለም።

ሐጅ ጂብሪል ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው። ሁለት ነገር ይወዳሉ፤ ጮክ ብሎ ማውራትና አደን። ብርድ ሲገባ ዓርብ ዓርብ ከጓደኛቸው ከኢክሪማ ጋር ወጥተው ገጣ ያድናሉ። ገጣ ቆቅ የምታክል የበረሃ ወፍ ናት፤ ጠዋት ጠዋት በመንጋ ሆና ውሃ ልትጠጣ ትመጣለች። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከመነሳቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ግን ሐጁ ከአደን ሲመለሱ ሳንባቸው ተመታና ሦስት ሳምንት ተኙ። ሚስታቸው ሐጃ ናስራ ጠመንጃውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበትና "አደን ኸላስ!" አሉ። ኸላስ ማለት አለቀ ነው። ሐጃ ናስራ ሲሉት ደግሞ ካለቀም በኋላ ያለ ነገር ነው።

በዓመቱ ጥር ሲመጣ ሐጁ መስኮት ስር ቁጭ ብለው እርግብ ማየት ጀመሩ። የጎረቤት እርግብ። ሉጥፊያ አንጀቷ አልቻለም።

"ሐጃ፣ እሳቸውኮ ብርድ አይደለም የጣላቸው። ልብስ ነው።"

"ልብስማ ነበረው! አራት ሹራብና ካፖርት ደራርቤለት ነው የወጣው!"

"እኮ፣ የጣላቸው እሱ ነው። ያን ሁሉ ለብሰው ሲሄዱ አላባቸው፤ ቁጭ ሲሉ ላቡ በረዶ ሆነባቸው። አንዴ ይልቀቋቸው፣ እኔ ላልብሳቸው።"

"ቢያስለውስ?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረባት። አላለችም። "በተመለሱ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ብርድ ካሳላቸው፣ እቃዬን ይዤ ከቤትዎ እወጣለሁ።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ!"

አስራ አንድ ዓመት የሠራችበትን ቤት በአንድ ሳል አስያዘች። እኔ በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። ፊቷ ግን እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር።

በማግስቱ ሐጅ ዩሱፍ ሰልባጅ ገበያ ወረድን።

"ምንድነው የምንፈልገው?" አልኳት።

"ሦስት ነገር። ገላ ላይ የሚያርፍ ስስ ሱፍ፣ በላዩ ወፍራም ሱፍ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያስገባ ቀላል ጃኬት።"

"ጥጥስ?"

"ጥጥ ለሠርግ።"

ጃኬቱን የምትመርጠው አፏን ጨርቁ ላይ ገጥማ እፍ እያለች ነው። ትንፋሿ ወደ ማዶ ካለፈ ትወረውረዋለች። ሻጩ አስራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ተናደደ። በዓረብኛ "ያ" መጥሪያ ነው፤ "አንቺ ሐበሻ" ማለቱ ነው።

"ያ ሐበሺያ! ልትገዢው ነው ወይስ ልትስሚው?"

"ካሳለፈ አልገዛውም፣ ካላሳለፈ እስመዋለሁ።"

በመጨረሻ አንድ አመድማ ጃኬት ተገኘ። ራክሻው ውስጥ ጭኗ ላይ ዘርግታ መንገዱን ሙሉ አወራችኝ። "አየህ ገብሬ፣ አሁን በሺታው፣ በብርዱ ወራት፣ ሦስቱንም ይለብሳሉ። አቧራው ሲነሳ ወፍራሙ ይወልቅና ስሱና ጃኬቱ ይቀራል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሙቀት ስለሆነ ስሱ ብቻ፣ ጃኬቱ በከረጢት። ልብስ እንዳይመስልህ የገዛሁት፣ ዓመቱን ነው የገዛሁት!" መስማት የተሳነኝ ይመስል ትጮሃለች።

ቤት ስንደርስ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ቁመትህ ከሐጁ ጋር እኩል ነው። ልበስ።"

ለምን ብዬ ብጠይቅ ጥሩ ነበር። በግራ ክንዴ የጥጥ እጅጌ፣ በቀኝ ክንዴ የሱፍ እጅጌ አግብታ ጃኬቱን ደረበችብኝና "ሰፈሩን ሦስት ዙር ሩጥ!" አለችኝ። ሮጥኩ። የጎረቤት ዘበኛ "ሌባ! ሌባ!" ብሎ ተነሳ። እሷ ከሰገነት ላይ "ሌባ አይደለም፣ ሙከራ ነው!" ትላለች። ዘበኛው ሙከራ የሚባል ወንጀል ስላላወቀ ተከተለኝ፤ በዚህ ምክንያት አራተኛ ዙር ጨመርኩ። በላብ ተጠምቄ ስመለስ ጃኬቱን አስወልቃ፣ በጥር ወር፣ በውሃ የራሰ ነፋስ የሚነፋው የቤት ማቀዝቀዣ ፊት አቆመችኝ።

"ምን ይሰማሃል?"

"ግራ እጄ ሞቷል። ቀኙ ይኖራል።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብላ አጨበጨበች። ግራ እጄን የጠየቀው የለም።

ዓርብ ሊነጋጋ ሲል በሐጁ ቦክሲ ወጣን። ቦክሲ ከኋላው ክፍት የሆነ የጭነት መኪና ነው፤ ክፍቱ ላይ እኔና ሉጥፊያ ነን። ሐጃ ናስራ እሷን "ምግብ ትሥራ፣ ልብሱንም ትጠብቅ" ብለው፣ እኔን ለማገዶ ላኩን። ኢክሪማ ከዱባይ ያስመጣው ትልቅ ካፖርት ለብሷል፤ ቅጠል ቅጠል የተሳለበት። ዛፍ መስሎ ከወፎቹ ለመደበቅ ነው። ቡጣና ሜዳ ላይ ዛፍ ስለሌለ በሩቅ የሚታየው እሱ ብቻ ነበር።

ወፎቹ እንዳይደነግጡ መኪናውን ትተን ወደ ኩሬው አንድ ሰዓት በእግር መሄድ አለብን። ሉጥፊያ ወፍራሙን ሱፍና ጃኬቱን ከሐጁ ላይ ገፈፈች።

"ያ ሐጅ፣ ሲነሱ ትንሽ ይብረድዎ። ሲነሱ ከሞቀዎ መንገድ ላይ ይቀቀላሉ።"

ኢክሪማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ያ ጂብሪል! ሠራተኛህ ታለብስህ ጀመር? ነገ ደግሞ ታጎርስሃለች!"

"ብታጎርሰኝ አንተን ምን ቆረጠህ? ያላ፣ ሂድ!"

ኩሬው ጋ ስንደርስ ሐጁ ደረቅ ናቸው። ሉጥፊያ ወፍራሙን አለበሰች፣ ጃኬቱን ደረበች፣ እሳቸውም ከአፈር ክምሩ ጀርባ እንደ ሱልጣን ተቀመጡ። ኢክሪማ ካፖርቱን ሲከፍተው እንፋሎት ወጣ። ብዙም አልቆየ፣ ነፋሱ ገባለትና ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር። ከንፈሩ የወይን ጠጅ መሰለ።

ሐጅ ጂብሪል አዩት። ጃኬቱን አውልቀው ዘረጉለት።

"አልለብስም፣ አንተስ?" አለ ኢክሪማ።

"ዐለይ ጠላቅ ትለብሳታለህ!"

የሱዳን ሰው ሲጋብዝህ እንዲህ ነው፤ በሚስቱ ፍቺ ይምልልሃል። እምቢ ካልክ ሚስቱ ፈት ሆነች ማለት ነው። ሉጥፊያ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። ጃኬቱ ከሄደ ሐጁ ያስላቸዋል፣ እሷ ከቤት ትወጣለች። ጃኬቱ ከተመለሰ ደግሞ ሐጃ ናስራ ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ ሳይሰሙ ተፈቱ!

ኢክሪማ ለበሰው። ምን ያድርግ?

ሉጥፊያ የራሷን ቶብ ልትደርብላቸው ብትል ሐጁ "የሴት ልብስ ለብሼ ከምታይ ነፋሱ ይግደለኝ" አሉ። ዞር ዞር አለች። ምግብ የሚዘረጋበትን ላስቲክ አየች፤ ጽጌረዳ የተሳለበት ነው። አፏን ገጥማ እፍ አለች። አላሳለፈም! የሽንኩርቱን ቢላ አንስታ ለአንገት አንድ፣ ለክንድ ሁለት ቀዳዳ በሳችበት።

"ከሱፉ በላይ፣ ከጀለቢያው በታች ያ ሐጅ። ማንም አያይም።"

ሐጁ ጽጌረዳቸውን ለብሰው ጀለቢያቸውን መለሱ። ትንሽ ቆይተው ወደ እኔ ዞረው በጣም በቀስታ "ሞቀኝ" አሉ። በቀስታ ሲያወሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ወዲያው ገጣዎቹ መጡ! ሰማዩ ድምፅ ብቻ ሆነ። መቶ፣ ሁለት መቶ፣ እየተሽከረከሩ ውሃው ዳር አረፉ። ሉጥፊያ ክንዴን፣ ያንን ግራውን፣ ጨምድዳ ይዛዋለች። ሐጁ ጠመንጃቸውን ቀስ ብለው ሲያነሱ፣ ላስቲኩ፣ ኮሽ።

ሁለት መቶው ወፍ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሐጁ ተኮሱ፣ ሰማይ መቱ። ኢክሪማም ተኮሰ፣ ኩሬውን መታ። ምሳችንን ፉል በላን። በሙስሊም እጅ የተባረከ ሥጋ ልብላ ወይስ አልብላ ብዬ መንገዱን ሙሉ የተጨነቅሁት በከንቱ ቀረ።

አሁን ሦስቱ ቀን መጣ። ቅዳሜ ሐጃ ናስራ ባላቸው አጠገብ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ዋሉ፤ ምንም። እሑድ ምንም። ሰኞ ማታ የሉጥፊያን ወርኃዊ አስቤዛ ሳደርስ በረንዳ ላይ እራት ቀረበ። ሐጁ በሻጣ ያበደ ፉል ጎረሱ። ሻጣ የሱዳን ሚጥሚጣ ነው። አንዷ ፍሬ መንገዷን ሳተች።

ሐጁ ቀሉ። ሉጥፊያ ሰሃን እንደያዘች ደረቀች። እሳቸው ይህ ሳል ከወጣ የእሷ እንጀራ፣ የእሳቸውም አደን እንደሚወጣ ያውቃሉ። አፋቸውን ገጠሙ። ዓይናቸው ፈጠጠ፣ እንባቸው ወረደ፣ ፊታቸው ከቀይ ወደ ሰማያዊ ሄደ። ጀርባቸውን ልመታ ብነሳ በእጃቸው ከለከሉኝ።

ሐጃ ናስራ ጠረጴዛውን ደበደቡ።

"አስል አንተ ሰውዬ! ልትሞትብኝ ነው? በርበሬ ነው፣ በርበሬ አይቆጠርም!"

ሐጅ ጂብሪል አሳሉ። አትባራ ባቡር ጣቢያ የቆመ ባቡር ነቅሎ የሄደ መሰለ። ሲጨርሱ ሐጃ ናስራ ጆሯቸውን ባላቸው ጀርባ ላይ ለጥፈው አዳመጡ፤ እኛ ትንፋሻችንን ይዘናል።

"ንጹሕ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ ሉጥፊያ ዞሩ። "አንቺ፣ አልጋሽ ስር ያሰርሽውን ሻንጣ አይቼዋለሁ። ሂጂ ፍቺው።"

ሉጥፊያ ልታለቅስ ይሁን ልትስቅ ገና አልወሰነችም።

"ቆይ፣ እሱን ስትጨርሺ የእኔን ልብስ ሁሉ አውርደሽ አልጋው ላይ ዘርጊልኝ። የፊታችን ዓርብ እኔም እሄዳለሁ።"

ሐጁ ጉርሻቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሉጥፊያን፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ስትወጣ ብቻ ሰማናት።