ሳይቀመስ አይቀርብም

ከመርሳ በወጣሁበት ምሽት ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ያጓራል፣ እናቴ ደግሞ ጓዳ ገብታ ጠላዋን ትደፈድፋለች። ጎረቤታችን ሰይድ ሚኒባሱን አስነስቶ ከደጅ ይጮኻል፦

«እማማ ዘርፌ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይነሱ!»

«ድፍድፌን ለማን ጥዬ? ጦርነቱ እንደሁ ያልፋል፤ ጠላ ግን አንዴ ከሆመጠጠ ሆመጠጠ ነው!»

ሰይድ ጠላ ባፉ ዞሮ አያውቅም። «ያ ረቢ! ለዚህ ለሐራም ብለው ሊሞቱ ነው?» ብሎ ራሱን ያዘ። የእኔ የእንግሊዝ አገር ቪዛ ደርሷል፣ ባሌም እዚያ ይጠብቀኛል። እናቴ «ሂጂ አንቺ፣ ቤቴን እኔ እጠብቃለሁ» ብላ ገፍትራ አሳፈረችኝ። እስከ ደሴ ሳለቅስ ደረስኩ።

እንግሊዝ አገር ከመግባቴ የመርሳ ስልክ ድርግም። በየቀኑ እደውላለሁ፣ በቴፕ የተቀዳች ሴት «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች። «አለመቻሌንማ አውቃለሁ እኮ እህቴ፣ በሕይወት አለች ወይ ነው ያልኩሽ!» እያልኩ ከቴፕ ጋር እጣላለሁ። ባሌ አእምሮዬን ልስት መሆኑን አይቶ ፓብ ውስጥ ብርጭቆ አጠባ አስቀጠረኝ። ፓብ ማለት ሰው በዝናብ ተበሳጭቶ የሚገባበት መጠጥ ቤት ነው፤ ዝናቡ ደግሞ አያባራም።

የፓቡ ባለቤት ኮሊን አንድ ቀን ምድር ቤት አወረደኝና ታቦት እንደሚያሳይ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በርሜሎቹን አሳየኝ።

«ይህ ሪል ኤል የሚባል ቢራ ነው። አልተጣራም፣ ጋዝ አልተነፋበትም፣ እዚሁ በርሜሉ ውስጥ ገና ይፈላል። ድሮ የሚጠጣው ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ አሁን ጺማም ወጣት ሁሉ እሱን ካላገኘሁ ይላል። ሱፐርማርኬት እንኳ በጠርሙስ ይደረድረዋል።»

ቀመስኩት። ጌሾ የለውም፣ የወይራ ጭስም አይሸትም፣ ግን ምን አለፋችሁ፣ ጠላ ነው! «ይህንንማ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠምቀው ኖራለች» አልኩት።

«እናትሽ ፋብሪካ አላት?»

«ጋን አላት።»

ተገርሞ መቅዳት አስጀመረኝ። መጀመሪያ የቀዳሁት ለጆርጅ ነው፤ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር የማይጠፋ ሽማግሌ። እናቴ እንዳስተማረችኝ ፊት ለፊቱ ፉት ብዬ ቀመስኩና በሁለት እጄ አቀረብኩለት። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረ። ኮሊን እየሮጠ መጣ፦

«የሰውን መጠጥ ለምን ጠጣሽ?»

«ቀመስኩ እንጂ መቼ ጠጣሁ?»

«ለምን ትቀምሻለሽ?»

«መርዝ እንደሌለበት እንዲያውቅ ነዋ!»

እግዚኦ! አንዱ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ሌላው ካፖርቱን አነሣ። ኮሊን ፊቱ በርበሬ መስሎ ሊያባርረኝ ሲል ጆርጅ ሳቁን ለቀቀው። «ስንት ዘመን ስጠጣ ለነፍሴ ያሰበ ሰው ዛሬ ገና አየሁ፣ ተዋት!» ከዚያ ወዲህ ለእኔ ትንሽ ብርጭቆ ተመደበችልኝ፤ ጆርጅም ሳልቀምስለት አይነካም።

ስስቅ ውዬ ቤቴ ስገባ እደውላለሁ፤ ያችው ሴት። ሞታ ይሆን? ማን ቀበራት? እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

ወራት አልፈው አንድ ቀን በቀትር ብርጭቆ ሳጥብ ስልኬ ጮኸ።

«አለሁ፣ አለሁ! እሪ አትበይ!»

«እማዬ! እንዴት ተረፍሽ?»

«እንዴት እተርፋለሁ? ታጣቂው እየገባ ጠላ ቅጂ ይላል፣ እቀዳለሁ። እንደ ወጉ እቀምሳለሁ። እነሱ ግን አላመኑኝም፣ በየዋንጫው ‹ድገሚ! ድገሚ!› እኔ ሰክሬ ለጥ ስል እነሱ ብቅሉንም ጌሾውንም ጠራርገው ሄዱ። ሰይድ ተመልሶ ማሽላ ሰፈረልኝ፤ ‹ለጠላ እንዳያደርጉት› ብሎ አስምሎ!»

እኔም የጆርጅን ነገር ነገርኳት። እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ድምጿ ለሰለሰ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺስ ለሰው ቀመስሽ። ላንቺ እዚያ ማን ይቀምስልሻል?»

እርጥብ ሽርጤን ዓይኔ ላይ ይዤ ቆምኩ።

«ማንም፣ እማዬ። እዚህ ሁሉም የየራሱን ነው የሚጠጣ።»